የጋሼ መስመር

ሰኞ፣ ለመክፈቻው 82 ቀን

የኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ቀን ተቆረጠልን። ከዛሬ ጀምሮ የምቆጥረው የቀረውን ቀን ነው። እንደዚያ ካላደረግኩ አልሠራም፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ሥራው ይኸውና። አዋላጇ እማማ አርባ ዓመት የኖሩበት ቤት ለመንገድ ሥራ ፈርሷል። አልበማቸው ዕቃ ሲጫን ዝናብ መትቶት ተበላሽቷል፤ አንድ ፎቶግራፍ እንኳን አልተረፈም። በዚያ ቤት ከሦስት መቶ በላይ ሕፃናት በእጃቸው ተቀብለዋል። እኛ ድምፃቸውን እየቀዳን ቤቱን ከትውስታቸው በእጅ እንስላለን። ተመልካቹ ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘውን መነጽር ዓይኑ ላይ አጥልቆ በራቸውን ከፍቶ ይገባል፤ ዞር ሲል መስኮቱን፣ ቀና ሲል ጣሪያውን ያያል፤ ድምፃቸውም ከክፍል ክፍል ይከተለዋል።

የሚስለው ጋሼ ነው፣ ትልቁ ወንድሜ። ስቱዲዮው የሁለታችን ነው ይባላል እንጂ ያለ እሱ መስመር እኛ ከጥርስ ሐኪም ቤት ፎቅ ላይ የተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች ብቻ ነን። የታችኛው መሰርሰሪያ ዝም ሲል ጠብቀን ነው ድምፅ የምንቀዳው። እማማ ለምደውታል። "ነቀለው መሰለኝ፣ እንቀጥል" ይላሉ።

ሐሙስ፣ 79 ቀን

ጋሼ ሐኪም ዘንድ ሄዶ መጣ። ቀኝ እጁን መደንዘዝ ከጀመረው ሰንብቷል፣ አንዳንዴም ይንቀጠቀጣል። አንገቱ ላይ ነርቭ ተጭኗል አሉት። ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ይችላል፣ ላያስፈልግም ይችላል። ሐኪሟ "አንተ ሰዓሊ ነህ፤ ከኔ መሣሪያ ቀድሞ መስመርህ ይነግርሃል። መስመርህ ከከፋ በዚያው ሳምንት ና፣ የሞተ ነርቭ አይመለስም። ካልከፋ ከሦስት ወር በኋላ እንተያይ" ብላዋለች።

ይህን ሲነግረኝ ይስቃል። "እንግዲህ ሐኪሜ እኔው ሆንኩ፣ ሚጡ" አለኝ። አርባ አንድ ዓመት ሞልቶኝም ለእሱ ሚጡ ነኝ።

ሦስት ወር ማለት ከመክፈቻው በኋላ ነው። እፎይ አልኩ።

ረቡዕ፣ 73 ቀን

የፊት ለፊት በር። ጋሼ ስድስት ጊዜ ስሎ ስድስት ጊዜ አጠፋው። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዞረና ተቀመጠ። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። መስመሩ ያን ያህል የተበላሸ አልመሰለኝም።

መስሎኛል። ለራሴ ደብተር ምን አስዋሸኝ።

የምንስልበት ፕሮግራም "ማረጋጊያ" የሚባል ነገር አለው። ከዜሮ እስከ መቶ ይሄዳል፤ ከፍ ባለ ቁጥር የእጅን መንቀጥቀጥ እየዋጠ መስመሩን አቃንቶ ያወጣል። ጀማሪዎች ይጠቀሙበታል። ጋሼ ግን ይንቀዋል፣ "ምርኩዝ" ነው የሚለው። የእሱ ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ምሳ ሊበላ ሲወጣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና አሥራ አምስት አደረግኩት። ለዛሬ ብቻ፣ ለበሩ ብቻ።

ተመልሶ በሩን ባንድ ጊዜ ጨረሰው። "አየሽ፣ እርቦኝ ኖሯል" አለ። ፊቱ እንዴት እንደበራ! እንዲህ የሚያስደስተውን ነገር ክፉ ነው የሚለኝ ማነው?

ሐሙስ፣ 65 ቀን

ሠላሳ አደረግኩት። አሥራ አምስቱ አልበቃም።

ለሽቦ መንገር ግድ ሆነብኝ። ሽቦ መነጽሩንና ኮምፒውተሩን የሚያሠራልን ባለሙያ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት ሆኖም አንገቱ ላይ ገመድ ሳይጠመጥም የዋለበት ቀን የለም፣ ስሙም ከዚያ መጣ። ማረጋጊያው ከጋሼ ስክሪን ላይ እንዳይታይ እንዲሸሽግልኝ ለመንኩት።

"ያውቃል?" አለኝ።

ከመክፈቻው በኋላ እነግረዋለሁ አልኩት። "መቼ ትነግሪዋለሽ አላልኩሽም እኮ" አለ። ሸሸገው ግን። አለቃው ነኝና ምን ያድርግ።

ሰኞ፣ 61 ቀን

ሳሎን አለቀ። እማማ መነጽሩን አጥልቀው ገቡ። በሩ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ ነበር የሚከፈተው አሉ፤ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ስትደገፍበት ደጅ ላይ ወድቃ ልጁን እዚያው ደረጃው ላይ ተቀበልኩት ብለው ሳቁ። ጋሼ በሩን ገልብጦ እንደገና ሳለ። ፈጣን ነው። የታችኛው ሐኪም ቀኑን ሙሉ ሰረሰረ፣ ድምፅ አልቀዳንም።

አርብ፣ 50 ቀን

እትዬ ደወለች፣ የጋሼ ሚስት። ብዙ ጊዜ የምትደውለው ምሳ በላ ወይ ለማለት ነው። ዛሬ ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶታል፣ ጠዋት ጠዋት የምቆልፍለት እኔ ነኝ አለችኝ። ሐኪም ጋ እንሂድ ብትለው "መስመሬ ከመቼውም በላይ አምሯል፣ ቁልፉ ጠቦ ነው" ይላታል።

"እኔ የስዕል ነገር አላውቅም" አለች። "አንቺ አጠገቡ ነሽ። ስዕሉ እንዴት ነው? ከፍቶ እንደሆነ ንገሪኝና ሳይቃጠል በቅጠል እንበለው።"

ዓይኔን በጨው አጥቤ "ስዕሉ ደህና ነው፣ እትዬ" አልኳት። እውነትም ስክሪኑ ላይ ያለው ስዕል ደህና ነው። አመሰገነችኝ። ከዚያ የልጆቹን ነገር አወራችኝ፣ ምን እንዳለች ግን አንዱም አልገባኝም።

እማማ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። መክፈቻው ቢያልፈን ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ ሌላ ዓመት መጠበቅ ይችላሉ ወይ? ይህን እያልኩ ነው የዋልኩት።

ሐሙስ፣ 44 ቀን

አርባ አምስት ላይ ነን። ጋሼ ሰሞኑን ያፏጫል። ዛሬ እማማ ውሃ ያፈሉበት የነበረውን ወጥ ቤት ሲስል አጠገቡ ተቀመጥኩ። እንፋሎቱ መስኮቱ ላይ ተኝቶ ወደ ታች ሲንጠባጠብ። እንዲህ ያለ ነገር መሳል የሚችል ሌላ ሰው አላውቅም፤ መስመሩን ማሽኑ ቢያቃናውም እንፋሎቱን ያየው እሱ ነው። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት።

አባታችን ሲሞት እሱ አሥራ ስምንት፣ እኔ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። የሱቅ ማስታወቂያ በብሩሽ እየጻፈ አሳደገኝ። ፀጉር ቤት፣ ጎማ ቤት፣ ፎቶ ቤት፣ የቀረው የለም። መሰላል ላይ ወጥቶ እጁን ምንም ሳያስደግፍ የሜትር ተኩል መስመር ባንድ ትንፋሽ ያወርድ ነበር። ሰዎች ቆመው ያዩታል። እኔ ከታች ጣሳውን ይዤ "የኔ ወንድም ነው" እላለሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ፊደል ሲያስተምረኝ እጄን በእጁ ይዞ ነበር፤ መስመር ማለት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ከዚያ እጅ ነው።

የምወደው ሰው ማዘኑን ማየት አልቻልኩም፣ ይኸው ነው ጥፋቴ። ደግሞም መክፈቻው አለ። የትኛው እንደሚቀድም ዛሬ አልጽፍም።

ማክሰኞ፣ 39 ቀን

ስድሳ። ካፈርኩ አይመልሰኝ።

ሻይ ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ብርጭቆው ያንሸራትታል አለ። ሽቦ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ ጨርቅ ፍለጋ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ 31 ቀን

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ከሰፈሩ ሁሉ ነው የሄደው፣ ታች ያለው መሰርሰሪያ እንኳን ዝም አለ። ስክሪኑ ጠቁሯል፣ የሚሠራ ነገር የለም፣ መስኮቱ አጠገብ ተሰብስበን ቁጭ አልን። ሽቦ ወሬ ጀመረ። እንዲህ ያለ ዕረፍት ካገኘን ስንት ጊዜያችን ነው። ጋሼ ሳቅ እያለ ከመሳቢያው ወረቀትና እርሳስ አወጣ።

"ሽቦ፣ አንገትህን ቀና አድርግ። ዛሬ ከነገመድህ ልሳልህ" አለ።

ወረቀቱን ብነጥቀውስ? ሻይ ብደፋበትስ? ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ ከወንበሬ ግን አልተነሳሁም። ሽቦም እኔን እያየ ነበር።

ጋሼ ግንባሩን ጀመረ። መስመሩ ተሰባበረ። እርሳሱን አገላበጠና ጫፉን አየ፣ እንደገና ሞከረ። አፍንጫው ላይ ሲደርስ እጁ አምልጦት እርሳሱ ወረቀቱን ሰነጠቀው። ሦስተኛ ወረቀት አወጣና ክብ ብቻ ሊሠራ ሞከረ፣ ልጅ የሚሠራውን ክብ። መነሻውና መድረሻው አልተገናኙም። ቀኝ እጁን በግራው ይዞ አየው።

"ትናንት ደህና ነበርኩ እኮ" አለ። ቀና ብሎ እኔን ነው የጠየቀው። "ሚጡ፣ ትናንት ያንን የጓዳ ወለል ስስል አላየሽኝም?"

አይቼሃለሁ አልኩት።

ትናንት ሰማንያ ላይ ነበርን።

ሐሙስ፣ 30 ቀን

ሐኪሟ ዘንድ አብሬው ገባሁ። ባንድ ቀን ነው የወረደብኝ፣ እስከ ማክሰኞ ድረስ መስመሬ እንደ ወጣትነቴ ነበር አላት። እሷ የአንገቱን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅላ ብዙ ጊዜ አየችው።

"እንዲህ ያለው ባንድ ቀን አይመጣም" አለች። "ሳምንታት ሆኖታል። እርግጠኛ ነህ ስትስል ምንም አላየህም?"

"እርግጠኛ ነኝ። እህቴም አብራኝ ናት፣ ጠይቂያት።"

ዞር ብላ አየችኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፣ አዎ ብዬ።

ቀዶ ጥገናው ሰኞ ነው። የባሰ እንዳይመጣ፣ ወደ ግራ እጁና ወደ እግሩም እንዳይሄድ ያደርጋል። የቀኙን ነገር ስጠይቃት "ከወር በፊት መጥቶ ቢሆን ሌላ ወሬ እናወራ ነበር" አለች።

ሰኞ፣ 26 ቀን

ከቀዶ ጥገናው ወጣ። ደህና ነው አሉን። እትዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ "አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር" አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ማክሰኞ፣ 18 ቀን

ጋሼ ቤቱ ተኝቷል፣ አንገቱ ታስሯል። የእጁ ጣቶች ብርጭቆ ያቅፋሉ፤ ብዕር አይዙም፣ ወደፊትም አይዙም ተብሏል። የቀረን ክፍል አንድ ነው፣ እማማ ሕፃናቱን የተቀበሉበት። አንቺው ጨርሺው አለኝ። መስመሬን ታውቂዋለሽ፣ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ አለኝ። የት ጋ ወፍራም፣ የት ጋ ቀጭን እንደሚሆን ተኝቶ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ በአንድ ነገረኝ። ጻፍኩ። የማረጋጊያውን ነገር ግን አልነገርኩትም።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እንዲህ ያመነኝን ሰው።

ሰኞ፣ 12 ቀን

ነገርኩት።

በእግሩ ወደ ስቱዲዮው መጥቶ ነበር፣ እትዬ አድርሳው ልጆቹን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ሄደች። የጨረስኩትን ክፍል አሳየሁት። አልጋውን፣ ከእንጨት የተሠራችውን የሕፃናት ሚዛን፣ ግድግዳው ላይ የተቸነከረውን ፎጣ ሁሉ አይቶ "ጎበዝ" አለ። ያቺ "ጎበዝ" አልዋጥ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም። ማረጋጊያውን፣ ቁጥሮቹን፣ እንዳይታየው ያሸሸግኩት እኔ መሆኔን ነገርኩት። እትዬ ስትደውል የመለስኩላትን ነገርኩት። የሐኪሟን ማስጠንቀቂያ እያወቅኩ እንዳደረግኩት ነገርኩት።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ሽቦን ጠራው። ፕሮግራሙ ሳይቃና በፊት እጁ ያሰመረውን ያስቀምጥ እንደሆነ ጠየቀው። ሽቦ ያስቀምጣል አለ፣ እኔን ሳያይ።

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ አሳየኝ።"

ሽቦ ማረጋጊያውን ከየስዕሉ ላይ እያነሳ አሳየን። መጀመሪያ የፊት ለፊት በር፣ ትንሽ ሻካራ። ሳሎኑ። መስኮቶቹ መወላገድ ጀመሩ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳው ራሱ ይንቀጠቀጣል፣ ወጥ ቤት ስንደርስ እንፋሎቱን ከመስኮቱ መለየት አይቻልም። ጋሼ እጁን አንስቶ ሽቦን አስቆመው፣ ወደ ኮሪደሩ መልሰው አለ። በግራ እጁ ጣት ስክሪኑን ነካ። የኮት መስቀያ ነው፣ አራት መንጠቆ ያለው፣ ተራ ነገር።

"እዚህ ጋ" አለ። "ይህችን ባይ ኖሮ በማግስቱ እሄድ ነበር።"

ቀኑ ከሥር ተጽፏል። ለመክፈቻው ሃምሳ ሰባት ቀን ሲቀረው ነው። እትዬ ከመደወሏ አንድ ሳምንት በፊት።

"አንቺ አይተሻት ነበር?"

"አይቻታለሁ፣ ጋሼ።"

ኮቱን አነሳ። እጅጌውን አገኘ፣ ቁልፉን ግን አቃተው። ልቆልፍለት እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላ አለ። ደረጃውን በግራ እጁ ግድግዳውን እየዳበሰ ወረደ። ሽቦ ተከትሎት ሄደ። እኔ የኮት መስቀያው ስክሪኑ ላይ እንደተከፈተ ቁጭ አልኩ፤ እስኪመሽ አልዘጋሁትም።

ማክሰኞ፣ 11 ቀን

እትዬ ደወለች። ስድብ ጠብቄ ነበር። ስድብ አልነበረም።

"ጠየቅኩሽ እኮ" አለች። "አንቺን ነው እኮ የጠየቅኩሽ።"

ዘጋችው።

አርብ፣ 8 ቀን

ሽቦ ይሠራል፤ ከሥራ በቀር ግን አያናግረኝም። ትክክል ነው። ከመክፈቻው በኋላ እወጣለሁ ብሏል፤ እሱን መሸኘት ነው እንጂ ማስቀረት አልችልም።

ስቱዲዮውን ለማዳን ነው ስል ቆይቼ ነበር። አሁን ስቱዲዮ የሚባል ምን ቀረ? ሁለት ክፍል፣ ሁለት ስክሪንና እኔ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም።

ለጋሼ አራት ጊዜ ደወልኩ። ስልኩን የሚያነሳው ልጁ ነው፣ "አባዬ ተኝቷል" ይለኛል፤ ቀን ቀን የማይተኛ ሰው።

ማክሰኞ፣ 4 ቀን

መነጽሮቹ ተፈተሹ። ድምፁ ደህና። በሩም ወደ ውጭ ይከፈታል። ከሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ላይ የራሴን ልሰርዝ ፈለግኩ፤ እሱም ለታይታ መሰለኝና ተውኩት።

ቅዳሜ፣ መክፈቻ

ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እማማ ራሳቸው ደውለውለት ነው የመጣው። አንገቱ ላይ አሁንም ነጭ ማሰሪያ አለ። እትዬ በቀኙ ቆማለች፣ ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ሰላም አልኳቸው። ሰላም አሉኝ፣ ሰው ፊት ነንና።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እማማ ቀድመው መነጽሩን አጠለቁ። እኛ የሚያዩትን በትልቁ ስክሪን ተከተልን። በሩን ወደ ውጭ ከፈቱ። ማንም ሳይመራቸው በኮሪደሩ አለፉ፣ ወጥ ቤት ገብተው ምድጃው አጠገብ ጎንበስ አሉ። አየሩን በእጃቸው ይዳብሱ ነበር። ወደ መጨረሻው ክፍል ሲገቡ ቆሙ። ከመነጽሩ ስር እንባቸው ወረደ። "ሁሉም አለ" አሉ፣ "ሁሉም አለ፣ አንድ የጎደለ የለም።" ከኋላዬ ያለ ሰው ለጓደኛው ሲያንሾካሹክ ሰማሁ፣ "መስመሩን አየህ? የሰው እጅ አይመስልም" ሲል። ወደ ጋሼ አላየሁም።

እማማ መነጽሩን አውልቀው የሣለው የታል አሉ። ስለ እጁ የነገራቸው ሰው የለም፣ አንገቱ ታሟል ብቻ ነው ያሏቸው። ጋሼ ጎንበስ አለላቸው። ግራ እጁን ሰጣቸው፤ እሳቸው ግን "የሠራችውን ነው የምፈልገው" ብለው ቀኙን ከኪሱ ራሳቸው አወጡ። በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መዳፉን ገልብጠው፣ ሦስት ጊዜ ሳሙት። ጣቶቹ እሳቸው እንዳስቀመጧቸው ቀሩ።

"እጅህ ይባረክ፣ ልጄ" አሉ። "እጅህን ቁርጥማት አይንካው።"

እትዬ ፊቷን በነጠላ ጫፍ ሸፈነች። አዳራሹ ያጨበጭባል። ጋሼ እጁን አልነጠቀም፣ ሴትዮዋ እስኪለቁት ድረስ ተወላቸው።

"አሜን፣ እማማ" አለ።

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ከዚያ ሚስቱ እጁን መልሳ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት፣ ኮቱን ቆለፈችለት፣ ወጡ።